ጂ-ኤች ያለባቸው የእንግሊዝኛ ቃላት፦ መቼ ይነበባል፣ መቼ ይዋጣል?

ሆሄ_ለቃሚ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጂ እና ኤች ጎን ለጎን የሚመጡባቸውን ቃላት ከነትርጉማቸውና ከነንባባቸው አንድ ቦታ እንሰብስብ። የእንግሊዝኛዎቹን ፊደሎች በስማቸው እየጠራን በግዕዝ እንጽፋለን፤ "ኢ" ስል ከዲ ቀጥላ የምትመጣዋን፣ "አይ" ስል ከኤች ቀጥላ የምትመጣዋን ማለቴ ነው፤ እንዳትምታታባችሁ።

"ጂ-ኤች እንዴት ይነበባል?" የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ቃሉን ይጀምራል ወይ? ካልጀመረ ከእሱ በፊት የትኛው አናባቢ አለ? ቀጥሎስ ቲ አለ ወይ? በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዳችሁ ጥቂት አስቸጋሪዎች ብቻ ይተርፋሉ።

ቃሉን ከጀመረ ሁልጊዜ "ግ" ነው። ጎስት (ጂ-ኤች-ኦ-ኤስ-ቲ) የሙት መንፈስ፤ ጋስትሊ የሚዘገንን፣ አሰቃቂ፤ ጉል ሬሳ ይበላል የሚባል ጭራቅ፣ ከዐረብኛ የመጣ ቃል። ኤ ከፊቱ የተጨመረበት አጋስት በድንጋጤ ክው ያለ ማለት ነው፤ ይህም "ግ" ነው።

አይ-ጂ-ኤች ከሆነ ጂ-ኤች ይዋጣል፣ አናባቢው "አይ" ይባላል። ሃይ ከፍ ያለ፣ ሳይ በረጅሙ መተንፈስ፣ ታይ (ቲ-ኤች-አይ-ጂ-ኤች) ጭን፣ ብራይት ደማቅ፣ ታይት ጥብቅ፣ ፍራይት ድንጋጤ፣ ፕላይት ያሉበት አስከፊ ሁኔታ፣ ብላይት ተክል የሚያደርቅ በሽታ። ከሁሉም የሚታመነው ቤተሰብ ይህ ነው።

ኢ-አይ-ጂ-ኤች ከሆነ "ኤይ" ነው፦ ኤይት ስምንት፣ ዌይ መመዘን፣ ዌይት ክብደት፣ ፍሬይት የሚጓጓዝ ጭነት፣ ኔይበር ጎረቤት፣ ስሌይ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ፣ ኢንቬይ አጥብቆ መቃወምና መውቀስ። ሁለት አፈንጋጮች አሉት፤ ቁመት ወይም ከፍታ የሚለው "ሃይት" እና የእጅ ቅልጥፍና የሚለው "ስላይት"። ሁለቱም "አይ" ናቸው። ስላይት ብቻውን አይመጣም ማለት ይቻላል፤ አስማተኛ ሳንቲም ሲሰውር የሚባለው "ስላይት ኦፍ ሃንድ" ላይ ነው የምታገኙት። በአይ-ጂ-ኤች-ቲ የሚጻፈው ስላይት ደግሞ "ትንሽ፣ መጠነኛ" ወይም "መናቅ" ነው። ድምፃቸው አንድ ነው።

ኤ-ዩ ወይም ኦ-ዩ ቀድሞ ቲ ከተከተለ ረዘም ያለ "ኦ" ነው፦ ቶት አስተማረ፣ ኮት ያዘ፣ ዶተር ሴት ልጅ፣ ኖቲ ባለጌ (ለልጅ)፣ ሆቲ ትዕቢተኛ፣ ኦንስሎት ከባድ ጥቃት፣ ዲስትሮት በጭንቀት የተዋጠ፣ ፍሮት በችግር ወይም በአደጋ የተሞላ። ይህ የመጨረሻው ብዙውን ጊዜ "ዊዝ" የሚለውን መስተዋድድ አስከትሎ ነው የሚመጣው።

ጀማሪዋ

እጅ ነስቻለሁ። ኦ-ዩ-ጂ-ኤች ሆኖ ቲ ከሌለውስ? እዚያ ላይ ነው ሁሉም የሚደነባበረው።

መዝገበ_ቃል

ልክ ነሽ እህቴ፣ እሱ ቤት ሕግ የለውም፤ ዝርዝር ብቻ ነው። ደግነቱ ዝርዝሩ አጭር ነው። በድምፅ ከፋፍለሽ ያዢው።

"ፍ" ሆነው የሚያልቁ፦ ረፍ ሻካራ (ደግሞም "ግምታዊ፣ ያልተጠናቀቀ")፣ ተፍ ጠንካራ ወይም ከባድ፣ ኢነፍ በቂ። እነዚህ ሦስቱ አናባቢያቸው አጭር "አ" ነው። ኮፍ ሳል እና ትሮፍ የከብት መመገቢያ ገንዳ ደግሞ "ኦ" አላቸው። ትሮፍ በግራፍ ወይም በማዕበል ላይ ሲመጣ ዝቅተኛው ነጥብ ነው፤ ፈተና ላይ ብዙውን ጊዜ በዚህ ትርጉሙ ነው የሚጠየቀው።

"ኦው" የሚሉ፦ ዞው "ምንም እንኳ፣ ቢሆንም"፣ ኦልዞው ያው፣ ዶው ሊጥ፣ ፈርሎው ሠራተኛ ከሥራ ገበታው ለጊዜው የሚርቅበት ፈቃድ።

"አው" የሚሉ፦ ባው ትልቅ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ፕላው ማረሻ።

"ኡ" የሚል አንድ ብቻ፦ ትሩ፣ "በመካከል አልፎ፣ በኩል"። ትሩአውት የሚለው ቃል ከእሱ ነው፤ "ከዳር እስከ ዳር፣ ሙሉውን ጊዜ"።

ድክም ባለች ድምፅ የሚያልቁ፦ ተረ "ጥንቅቅ ያለ" እና በረ "የራሱ አስተዳደር ያለው የከተማ ክፍል"። አሜሪካኖች መጨረሻቸውን "ኦው" ይሏቸዋል፣ ተሮው፣ በሮው።

አሁን አምስቱን የሚደባለቁትን በደረጃ ጻፊያቸው፤ እያንዳንዱ የሚለየው በአንድ ፊደል ነው።

ቲ-ኦ-ዩ-ጂ-ኤች፦ ተፍ።
ከመጀመሪያዋ ቲ ኋላ ኤች ስትጨምሪ ዞው።
ከኤች ኋላ አር ስትጨምሪ ትሩ።
በኤች እና በአር መካከል ኦ ስትጨምሪ ተረ።
ወደ ዞው ተመልሰሽ መጨረሻው ላይ ቲ ስትጨምሪ ቶት፣ "አሰበ" ወይም "ሐሳብ"።

ቀልጠፍ ብለው ሲጽፉ የሚጠፋው ከሁሉ ይልቅ የትሩ አር ነው። አር ከሌለ "በኩል" የሚለው "ቢሆንም" ይሆናል፣ ቃሉ ራሱ ትክክለኛ ቃል ስለሆነም የኮምፒውተር ፊደል አራሚ አያሰምርበትም። ረቂቅሽን ስታነቢ እነዚህን አምስቱን ለብቻ ፈልጊያቸው።

ተጠራጣሪው

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? እንግሊዝኛ ሕግ የለውም በቃ። ጂ-ኤች-ኦ-ቲ-አይ ተብሎ ተጽፎ "ፊሽ" ይነበባል ሲባል አልሰማችሁም? ጂ-ኤች ከኢነፍ "ፍ"፣ ኦ ከዊመን "ኢ"፣ ቲ-አይ ከኔሽን "ሽ"። ጸሐፌ ተውኔቱ በርናርድ ሾው ያለው ነው።

ድምፀ_መረዋ

ወንድሜ ተጠራጣሪው፣ ሁለት ነገር። ቀልዱ የሾው አይደለም፤ በስሙ ይነገራል እንጂ በ1855 አሳታሚው ቻርልስ ኦሊዬር ለጸሐፊው ሊ ሃንት በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይገኛል፤ ሾው ገና አልተወለደም። (የሊ ሃንት ስምም ጂ-ኤች አለበት፣ የተዋጠ።)

ትልቁ ነገር ግን ቀልዱ የሚያፈርሰው ራሱን መሆኑ ነው። ጂ-ኤች "ፍ" የሚሆነው ከኤ-ዩ ወይም ከኦ-ዩ ቀጥሎ ብቻ ነው። ቃል ሲጀምር "ፍ" ሆኖ አያውቅም። ቲ-አይም "ሽ" የሚሆነው ሌላ አናባቢ ሲከተለው ነው፤ ቃል ሲጨርስ አይደለም። ኦ "ኢ" የሚሆነውም በዊመን ብቻ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ሰው ያንን ቃል ሲያይ "ጎቲ" ይላል እንጂ "ፊሽ" አይልም። ፊደል ብቻውን አይነበብም፣ ቦታው ነው የሚያስነብበው።

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚለው ደግሞ፦ ድሮ ጂ-ኤች እውነተኛ ድምፅ ነበረው፤ የእኛ "ኽ" ዓይነት። የጥንት እንግሊዞች ማታን "ኒኽት" ይሉ ነበር፤ የሚጽፉትም በኤች ብቻ ነበር። ከ1066 የኖርማን ወረራ በኋላ ቀስ በቀስ አጻጻፉ ተለወጠ፣ ጂ-ኤች ተተካ። ኋላ ድምፁ በመደበኛው ንግግር ጠፋ፣ በጥቂት ቃላት ደግሞ ወደ "ፍ" ዞረ፤ ፊደሉ ግን እንደተጻፈ ቀረ። ስኮትላንድ ውስጥ ዛሬም "ኒኽት" እና "ብሪኽት" የሚል ሰው አለ።

የጎስት ግን ታሪኩ ሌላ ነው። እሱ ውስጥ "ኽ" ኖሮ አያውቅም። እንግሊዛዊው አታሚ ዊልያም ካክስተን በ1476 ዌስትሚንስተር ላይ ማተሚያውን ከማቆሙ በፊት ብሩዥ (የዛሬዋ ቤልጅየም) ሠርቷል፤ በዚያ አገር ቋንቋ በፍሌሚሽኛ ቃሉ በጂ-ኤች ይጻፍ ስለነበር ያንን ልማድ ይዞ መጣ። ኤችዋ የማተሚያ ቤት ትራፊ ናት።

ጀርመንኛ የሚያውቅ ካለ ብዙዎቹን በነጻ ያገኛቸዋል። በጀርመንኛ "ኽ" ያለበት እንግሊዝኛው ላይ ብዙ ጊዜ ጂ-ኤች አለ፦ ናኽት ማታ፣ ሊኽት ብርሃን፣ አኽት ስምንት፣ ቶኽተር ሴት ልጅ፣ ፍራኽት ጭነት፣ ናኽባር ጎረቤት፣ ላኸን መሳቅ። ይህ መንገድ ከማይሠራባቸው ሦስቱን ልጥቀስ። ዲላይት "ደስታ" እና ሆቲ "ትዕቢተኛ" ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው፣ ስፕራይትሊ "ንቁ፣ ፈጣን" ደግሞ ከስፕራይት። ጂ-ኤች የገባባቸው እንደ ላይት እና እንደ ቶት ያሉትን ለመምሰል ብቻ ነው።

ተጠራጣሪው

የጎቲውን ተቀብያለሁ። ግን "ኤ-ዩ ሲደመር ቲ ሁልጊዜ ኦ ነው" ተብሏል፤ ላፍተርስ?

ሆሄ_ለቃሚ

ጥሩ ያዝክ። ላፍተር "ሳቅ" ከላፍ "ሳቀ" ስለተሠራ የእናቱን "ፍ" ይዞ ቀርቷል። ፊቱ ላይ ኤስ ስትጨምርበት ግን ስሎተር ይሆናል፤ እርድ፣ ጭፍጨፋ። አንዲት ኤስ ድምፁንም ትርጉሙንም ገለበጠችው። ስሎተር ከላፍ ጋር ዝምድና የለውም።

ሁለተኛው ድራፍት ነው፣ ዲ-አር-ኤ-ዩ-ጂ-ኤች-ቲ። በብሪታንያ አጻጻፍ በመስኮት የሚገባ ቀዝቃዛ ነፋስ፣ መርከብ ውኃ ውስጥ የሚሰጥምበት ጥልቀት፣ ከበርሜል የሚቀዳ ቢራ ሁሉ በዚህ ይጻፋል። የጽሑፍ ረቂቅ ግን እዚያም በኤፍ ነው፤ ዲ-አር-ኤ-ኤፍ-ቲ። አሜሪካ ሁሉንም በኤፍ ጽፋ ገላገለችን።

ከኦ-ዩ በኩል ደግሞ ድራውት "ድርቅ" እና ዳውቲ "ቆፍጣና" ቲ እያላቸው "አው" ናቸው። ድራውትን ከድራፍት የሚለየው አንድ አናባቢ ብቻ ነው፣ ኦ እና ኤ። ዜና ስታነቡ ተጠንቀቁ።

እንግዲህ በተለመደው ንባብ "ፍ" የሚሆኑት ሰባት ናቸው፦ ረፍ፣ ተፍ፣ ኢነፍ፣ ኮፍ፣ ትሮፍ፣ ላፍ፣ ድራፍት። ከጥቂት ብርቅ ቃላት በቀር የቀረው የእነሱ ዝርያ ነው።

ጀማሪዋ

ኃላፊ ጊዜ ላይ ብዙ አሉ አይደል? ቦት እና ብሮት ሁሌ ይምታቱብኛል።

ቀይ_እስክሪብቶ

እነዚህን ከአሁን ጊዜያቸው ጋር አጣምደሽ ያዢ። ባይ "መግዛት" ቦት፤ ብሪንግ "ማምጣት" ብሮት። ብሪንግ ውስጥ አር አለች፣ ብሮት ውስጥም አለች፤ ባይ ውስጥ የለችም፣ ቦት ውስጥም የለችም። አር ያለበት አመጣ፣ የሌለበት ገዛ። ይኸው ነው።

ሌሎቹ፦ ቲንክ ማሰብ ቶት፣ ፋይት መዋጋት ፎት፣ ሲክ መፈለግ ሶት፣ ካች መያዝ ኮት፣ ቲች ማስተማር ቶት። "አሰበ" እና "አስተማረ" በእኛ ጽሑፍ አንድ መሰሉ፤ በእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው ምላስ በጥርስ መካከል ብቅ ብሎ ነው የሚወጣው፣ አናባቢውም ሲጻፍ ኦ-ዩ ነው። "አስተማረ" ኤ-ዩ። ካች እና ቲች ሁለቱም ውስጥ ኤ አለ፣ ኃላፊያቸውም ኤ-ዩ ነው፤ የቀሩት ሁሉ ኦ-ዩ። በዚህ ነው የሚለየው።

ሮት (ደብሊው-አር-ኦ-ዩ-ጂ-ኤች-ቲ) የ"መሥራት" የድሮ ኃላፊ ነው። ዛሬ የቀረው ሮት አይረን "ተቀጥቅጦ የተሠራ ብረት" ላይ እና ኦቨርሮት "ጭንቀት ያናወጠው" ላይ ነው።

እርማት ላይ ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ግን እስካሁን ያልተነሳው ነው፤ የፊደል መገለባበጥ። ሌንግት "ርዝመት" እና ስትሬንግት "ጥንካሬ" የሚጨርሱት በጂ-ቲ-ኤች ነው። ሃይት፣ ዌይት፣ ላይት የሚጨርሱት በጂ-ኤች-ቲ። ተማሪ ሁለቱን አደባልቆ ሌንግትን በጂ-ኤች-ቲ፣ ሃይትን በጂ-ቲ-ኤች ይጽፋል። መለያው ጆሮ ነው፦ መጨረሻው ላይ ምላስሽ ጥርስሽን አልፎ ከወጣ ቲ-ኤች ይጨርሳል፤ ደረቅ "ት" ከሆነ ቲ ይጨርሳል። ብዙ ሰው ሃይትንም ምላስ አውጥቶ ይጠራዋል፣ ለዚያ ነው አጻጻፉም የሚበላሽበት።

"ስምንተኛ" ሁለቱንም ይዟል፦ ኢ-አይ-ጂ-ኤች-ቲ-ኤች። ቲዋ አንድ ብቻ ናት፣ ሲጠሩት ሁለት ቢመስልም። አስራ ስምንት እና ሰማንያም በአንድ ቲ ነው የሚጻፉት።

መዝገበ_ቃል

ጽሕፈት ለሚያስጽፉ ልጨምር። ጆሮ "አይት" ሲሰማ በአይ-ጂ-ኤች-ቲ ልጻፍ ወይስ በአይ-ቲ-ኢ? አንድ ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚባል የቃል ክፍል) ያለው ቃል ከሆነ ሁለቱም አሉ፤ ዋይት፣ ባይት "ንክሻ"፣ ካይት፣ ኳይት በአይ-ቲ-ኢ ናቸው፤ እነዚህን መሸምደድ ነው። ከአንድ በላይ ቀለም ካለውና የተጣመረ ቃል ካልሆነ ግን ወደ አይ-ቲ-ኢ አድሉ፦ ፖላይት ትሑት፣ ኢንቫይት መጋበዝ፣ ኢግናይት መለኮስ፣ ሪሳይት በቃል ማንበብ፣ ዲስፓይት "ቢሆንም"። ከዚህ የሚያፈነግጡት ዲላይት እና አላይት "ከተሽከርካሪ መውረድ" ናቸው።

ድምፃቸው አንድ፣ ፊደላቸው ልዩ የሆኑት ላይ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፦

ሳይት በጂ-ኤች እይታ ነው፤ ኤስ-አይ-ቲ-ኢ ቦታ ነው፣ ዌብሳይት የሚለው በዚህ ነው፤ ሲ-አይ-ቲ-ኢ መጥቀስ ነው።

ናይት ፊቱ ላይ ኬ ካለ ባለማዕረግ ፈረሰኛ፣ ከሌለ ማታ።

ስትሬይት በጂ-ኤች ቀጥ ያለ፤ ያለ ጂ-ኤች በሁለት የብስ መካከል ያለ ጠባብ ባሕር።

ራይት አራት አለው። አር-አይ-ጂ-ኤች-ቲ ትክክል፣ ቀኝ፣ መብት። ደብሊው-አር-አይ-ቲ-ኢ መጻፍ። አር-አይ-ቲ-ኢ ሥርዓተ አምልኮ። ደብሊው-አር-አይ-ጂ-ኤች-ቲ ሠሪ፣ ባለሙያ። ፕሌይራይት "ጸሐፌ ተውኔት" የሚጻፈው በዚህ በመጨረሻው ነው፣ በ"መጻፍ" አይደለም፤ ሺፕራይት መርከብ ሠሪም እንዲሁ። ኮፒራይት ግን በ"መብት" ነው፣ የቅጂ መብት ስለሆነ። ማስታወቂያ የሚጽፈው ኮፒራይተር ደግሞ በ"መጻፍ"። ሦስቱን አንድ ገጽ ላይ ሳያሳስት የሚጽፍ ጥቂት ነው።

ኖት በኦ-ዩ በብሪታንያ ዜሮ ቁጥር ነው፤ በኤ-ዩ ከንቱ፣ ምንም። ኖቲ "ባለጌ" ከኋለኛው የመጣ ነው።

ተጠራጣሪው

አሜሪካኖቹ ፕላውን በኦ-ደብሊው ሲጽፉ አያለሁ። ትሩንም ቲ-ኤች-አር-ዩ። ይፈቀዳል?

ድምፀ_መረዋ

የፕላው አጻጻፍ በአሜሪካ መደበኛ ነው፣ ያለ ስጋት ጻፈው። ቲ-ኤች-አር-ዩ ግን የመንገድ ምልክትና የስልክ መልእክት ቋንቋ ነው፤ ፈተና ላይም ደብዳቤ ላይም አይገባም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1906 የመንግሥት ማተሚያ ቤት 300 ያህል ቃላትን አቅልሎ እንዲያትም አዝዞ ነበር፤ ትሩ እና ዞው ያለ ጂ-ኤች ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ኮንግረስ በዚያው ዓመት ስለተቃወመው ትእዛዙ ቀረ።

ቀይ_እስክሪብቶ

አንድ ወጥመድ ቀርቷል። ጂ እና ኤች የተለያየ ቃል ጫፍ ሆነው ቢገናኙ ሁለቱም ይነበባሉ፦ ፎግሆርን ለመርከብ በጉም ጊዜ የሚነፋ መለከት፣ ዶግሃውስ የውሻ ቤት፣ ኤግሄድ (ለማሾፍ) ምሁር። ሎንግሃንድ "በእጅ የተጻፈ፣ ያላጠረ" ላይም ኤችዋ ትሰማለች። ቃሉን መሀል ላይ ቆርጣችሁ ሁለት ሙሉ ቃል ካገኛችሁ ጂ-ኤች አንድ ቤተሰብ አይደለም።

ከጣሊያንኛ በመጡት ደግሞ፣ ለምሳሌ ስፓጌቲ እና ጌቶ፣ ኤች ጂን ትጠብቃለች፤ እሷ ባትኖር በጣሊያንኛ ንባብ "ጄ" ይሆን ነበር።

ጀማሪዋ

የከተማ ስሞችስ? ኤድንብራ እና ፒትስበርግ መጨረሻቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ለምን ይለያያሉ?

ድምፀ_መረዋ

ቢ-ዩ-አር-ጂ-ኤች ስኮትላንድ ውስጥ "ብራ" ነው፣ ኤድንብራ። ፒትስበርግ አሜሪካዊ ንባብ ይዞ "በርግ" ሆነ። የፒትስበርግ ኤች እንዲያውም በ1891 የአሜሪካ የቦታ ስሞች ቦርድ ቆርጧት፣ በ1911 ተመልሳለች። የቦታ ስም ላይ ሕግ አትፈልጊ፤ የአገሬው ሰው እንደሚጠራው ጥሪው።

ሆሄ_ለቃሚ

ለመሙላት ያህል የቀሩት ሦስት። ሎክ (ኤል-ኦ-ዩ-ጂ-ኤች) አየርላንድ ውስጥ ሐይቅ ነው፣ መጨረሻው "ክ" ወይም "ኽ"። ሂከፕ "ስቅታ" በኦ-ዩ-ጂ-ኤችም ተጽፎ ይገኛል፣ ንባቡ ያው "ፕ" ነው፤ በዩ-ፒ የሚጻፈውን ተጠቀሙ። ኤስ-ኤል-ኦ-ዩ-ጂ-ኤች ደግሞ ሁለት ቃል ነው፦ "ስላው" ሲባል ረግረግ፣ "ስለፍ" ሲባል እባብ ቆዳውን መግፈፉ። ይህን ቃል ስታገኙ ግስ መሆኑን እዩ፤ ግስ ከሆነ "ፍ" በሉት።